ውሃ ያስገባ መውጫውን ያስብ

አንዴ አድምጡኝ ልጆቼ። ዛሬ የጠራኋችሁ ስለ መሬት ለመምከር ነው። ስለ ደጋው መሬት አይደለም፤ ከመተሐራ ቁልቁል አዋሽን ተከትሎ በመልካ ሰዲ፣ በአሚባራ፣ በመልካ ወረር ስለተዘረጋው ስለዚህ ሜዳችን ነው። ጥጥ የምትዘሩ አላችሁ፤ የበጋ መስኖ ስንዴ የጀመራችሁ አላችሁ፤ ከደጋ ወርዳችሁ መሬት ተኮናትራችሁ የምታርሱም አላችሁ። ወንዙ ቅርብ ነው፣ ፀሐዩ ሞልቷል፣ ሜዳው ለትራክተር የተመቸ ነው። ይህን ያየ ሰው «ከእንግዲህ ምን ቀረን?» ቢል አይፈረድበትም። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ያስገባነው ውሃ በየት እንደሚወጣ አላሰብንበትም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ወንዝ ለሚሻገር ሰው ነበር። በዚህ ሸለቆ ግን ውሃ መሬቱንም እያሳሳቀ ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ዓመት አብልቶ፣ በሁለተኛው አጥግቦ፣ ውሎ አድሮ ባዶ ሜዳ ያስረክባል።

አዋሽን እወቁት። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲገባ ጉዞው እዚያው ያበቃል። እንግዲህ ከደጋው አለትና አፈር እያጠበ የሚያመጣው ጨው ከሸለቆው የሚወጣበት በር የለውም። የስምጥ ሸለቆው አለት ራሱ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ስለሆነ ሶዲየም ይበዛበታል፤ ፍል ውሃውም ያንኑ ይጨምርበታል። ዝናቡ ደግሞ ትንሽ ነው። ወረር ላይ በዓመት የሚዘንበው 500 ሚሊ ሜትርን ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ሊያተኑት የሚችሉት ግን የዚያን አራት እጥፍ ያህል ነው። ደጋ ላይ ዝናቡ አፈሩን ዘወትር ስለሚያጥበው መሬቱ አሲዳማ ይሆናል፤ በጎጃምና በወለጋ ገበሬው ኖራ የሚበትነው ለዚህ ነው። እዚህ የሚያጥብ ዝናብ ስለሌለ ጨው ባለበት ይቀመጣል፣ አፈሩም አልካላይን ይሆናል። ስለዚህ ከደጋ የመጣችሁ ልጆቼ፣ እዚያ የበጀውን ኖራ እዚህ አምጥታችሁ አትበትኑ።

«ውሃችን ጣፋጭ ነው፣ ከብቱም እኛም እንጠጣዋለን፤ ጨው ከየት ይመጣል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ብቻ አለ እንበል፤ ምላስ አይለየውም። አንድ ሄክታር ማሳ በዓመት የአንድ ሜትር ጥልቀት ያህል ውሃ ቢጠጣ፣ ያ አሥር ሚሊዮን ሊትር ነው። ውሃውን ሰብሉና ፀሐዩ ይወስዱታል፤ ጨዉን ግን ፀሐይ አያተነውም፣ ሰብሉም ትቶት ነው የሚጠጣው። ዓመቱ ሲያልቅ በዚያች አንድ ሄክታር ላይ 50 ኩንታል ጨው ይቀራል። ጨው በጆንያ አሸክሞ እርሻው ላይ የሚበትን ገበሬ የለም። በቦይ ሲመጣ ግን ማንም አያየውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከዚህ የሚከፋው ከታች የሚመጣው ነው። እዚህ ያለው አፈር አብዛኛው ከባድ ሸክላማ ነው፤ ውሃ ሲጠጣም ሲለቅም ቀስ ብሎ ነው። ሲመሽ ቦዩን ከፍቶ የሚተኛ ሰው፣ ሰብሉ ከሚፈልገው በላይ የሚያጠጣ ሰው፣ ማሳውን ያላስተካከለ ሰው፣ ትርፉን ውሃ ወደ ታች ይልከዋል። ታች ያለው ውሃም ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። ከመሬቱ ገጽ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው ነገሩ ይለወጣል። የኩራዝ ክር ላምባውን ከታች ስቦ ጫፉ ላይ እንደሚያነደው ሁሉ፣ አፈሩም ጨዋማውን ውሃ ወደ ላይ እየሳበ ለፀሐይ ያቀርበዋል። ውሃው ይተንናል፣ ጨዉ ገጹ ላይ ይቀራል። መሬቱን ጦሙን ብታሳድሩት እንኳ ይህ ሥራ አይቆምም፤ እንዲያውም ሰብል የሌለበት እርጥብ መሬት ፈጥኖ ይነጣል።

በሽታው ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉ። አንደኛው ጨዋማነት ነው። ጠዋት ማሳው ነጥቶ ታገኙታላችሁ፣ ከብቶችም መጥተው ይልሱታል። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ሰብሉ ግን ጠውልጓል፣ የቅጠሉም ጫፍ ተቃጥሏል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ ጨዉ ውሃውን ይዞ ለሥሩ አይለቅለትም። ገበሬው የደረቀ መስሎት ውሃ ይጨምርለታል፤ በጨመረ ቁጥርም የታችኛው ውሃ ይነሣል። እንዲህም ሆኖ ጨዋማ አፈር ተስፋ አለው፤ መውጫ ካገኘ ይታጠባል።

ሁለተኛው ሶዲየም የበዛበት አፈር ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ይህ ላይነጣም ይችላል፤ ሶዲየሙ ብስባሹን አሟሙቶ ስለሚያወጣው እንዲያውም እዚህም እዚያም ጥቁር ወዛም ቦታ ይታይበታል። የአፈር ባለሙያዎች ፒኤች በሚሉት መለኪያ መካከለኛው 7 ነው፤ ይህ አፈር 8.5ን ያልፋል፣ 10 የሚደርስም አለ። ሶዲየም የሸክላውን ቅንጣት ሲይዘው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መያያዝ ይተዋሉ፤ ሲረጥቡ ይበተኑና አፈሩ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናሉ። ያጠጣችሁት ውሃ ደፍርሶ ለቀናት ተኝቶ ይታያል፤ ከሥሩ ስትቆፍሩ ግን ደረቅ ነው። ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፤ የበቀለው ዘር ቅርፊቱን ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። የወጣውም ይገረጣል፤ ብረቱም ዚንኩም አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልምና። ከሩቅ ሲያዩት ሜዳው ለጥ ያለ፣ የሚያምር ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

ሁለቱ በሽታዎች አንድ ላይ የሚገኙበት ማሳም አለ። እንዲህ ያለው መሬት ጨው እያለበት ደህና ይመስላል፤ ጨዉ ራሱ ቅንጣቶቹን ሰብስቦ ይዟቸዋልና። ታዲያ አንድ ትጉህ ገበሬ ይነሣና «ጨዉን ላጥበው» ብሎ ንጹሕ ውሃ ይለቅበታል። ጨዉ ይሄዳል፣ ሶዲየሙ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ ውሃ አላስገባ፣ ማረሻም አልቀበል ይላል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። ይህን ሰው አልነቅፈውም፤ ትጋቱ መልካም ነበር፣ የጎደለው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ከመታጠቡ በፊት ጄሶ ይፈልጋል። በጄሶው ውስጥ ያለው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ ይይዛል፤ የተፈናቀለውን ሶዲየም ውሃ ጠርጎ ይወስደዋል። ጠርጎ የሚወስደው ግን መሄጃ ሲኖረው ነው። መሄጃ ከሌለ ጄሶውም፣ ውሃውም፣ ገንዘቡም ከንቱ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አፈራችሁን አስመርምሩ፤ ወረር ላይ ይህን አፈር ለብዙ ዓመታት ሲያጠና የኖረ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሞክሩትም ነገር አለ። ደረቅ የአፈር ጓል ወስዳችሁ የዝናብ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡ፤ ሳትነካኩት እስከ ማግሥቱ ተዉት። ጓሉ ቢፈርስም ውሃው ጥርት ብሎ ካደረ ደህና ነው። በዙሪያው ውሃው ከደፈረሰና ድፍርሱ አልጠልል ካለ ሶዲየም እንዳለበት ጠርጥሩ። በቦይ ውሃ አትሞክሩት፤ በውስጡ ያለው ጨው ነገሩን ይሸፍንባችኋል። ይህ ግን የላቦራቶሪን ምርመራ አይተካም፤ ጨውና ሶዲየም አብረው ያሉበት አፈር በብርጭቆው ውስጥ ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲያልቅ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ተስፋው ትልቅ ነበር፤ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች በወንዙ ዳርና ዳር ተስፋፉ። አሚባራ ላይ መስኖው ሲጀመር የከርሰ ምድሩ ውሃ ጥልቅ ነበር፤ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ወደ ገጹ ተጠጋ። በደርግ ዘመን የማፋሰሻ ቱቦዎች ከመሬት በታች ተቀበሩ፤ ሠርተውም ነበር። በኋላ ጥገናው ሲጓደል፣ ቦዮቹ በደለልና በሣር ሲደፈኑ ጨዉ ተመለሰ፤ ሰው ጥሎት የሄደውን ማሳ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ወረሰው። ወደ መተሐራ ብትወጡ ደግሞ የበሰቃን ሐይቅ ታያላችሁ። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ማብቂያ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ሐይቅ ከ40 በላይ ሆኗል፤ የባቡር ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን አስጨንቋል፣ ወደ ሸንኮራውም ማሳ ተጠግቷል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከምድር የሚመነጨው ፍል ውሃም አለበት። ከመስኖ የሚሰርገው ውሃ ግን ድርሻ እንዳለው ያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። ጥጡ ሲነጣ ብዙ ሰው ላሰ፤ መሬቱን እያየ ያለቀሰው ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ፣ ወደ ማፋሰሻው ቦይ ልግባ። ውሃ ማስገቢያው ቦይ ሲጠረግ ሁሉም አካፋውን ይዞ ይመጣል፤ የውሃ ተራ የሚደለድለው የውሃ አባትም የቀረውን ሰው ይቆጥራል። የማፋሰሻው ሲጠረግ ግን ሁሉም «የእኔ አይደለም፣ የጎረቤቴ ነው» ይላል። ማስገቢያው ቢደፈን ጉዳቱ በሳምንት ይታያል። የማፋሰሻው ጉዳት የሚታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሬቱ አልቋል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ። ቦዩ ከሰብሉ ሥር በታች ጠልቆ መውረድ አለበት፤ አንድ ክንድ የተቆፈረ ቦይ ጎርፍ ያወጣ እንደሆነ እንጂ የከርሰ ምድርን ውሃ አያወርድም። ይህን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉት፤ ማፋሰሻውን ሊጠርግ ያልወጣ ሰው ተራው ሲደርስ ውሃ አይለቀቅለት። ከባድ ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ከባድ ነው።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ከማሳችን የሚወጣው ጨዋማ ውሃ የት ይሂድ? አዋሽ ውስጥ ብንመልሰው ታች ያሉት የዱብቲና የአሳይታ ሰዎች እርሻቸውን ያጠጡበታል፣ ከብታቸውም ይጠጣዋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው የሚወጣውን ውሃ ማሳነስ ነው። ማሳችሁን አስተካክሉ፣ ሌሊት ለቃችሁ አትተኙ፣ በልክ አጠጡ፤ ጨዉን ለማጠብ የምትጨምሩትም በልክ ይሁን። የታችኞቹን ሽማግሌዎች ሳታማክሩ የማፋሰሻውን አፍ ወደ ወንዙ አትክፈቱ።

የታመመውን መሬት እስኪያገግም እንደ አቅሙ አሠሩት። ገብስና ጥጥ ጨው ይችላሉ፤ ቴምርም ይችላል። ቦሎቄና ሽንኩርት አይችሉም፤ በቆሎም ቶሎ ይጎዳል። በትልም የምታጠጡ ከሆነ ጨዉ ወደ መደቡ አናት ይሰበሰባልና ዘሩን በጎኑ በኩል ዝሩት። ፍግና ገለባ አትንፈጉት። ከእርሻ የወጣውን ቦታ ባዶውን አትተዉት፤ የሮደስ ሣር ዝሩበት። ሥሩ የተደፈነውን አፈር ይከፍታል፣ ጥላው ትነቱን ይቀንሳል፣ ከብቱም ይበላዋል። ጥቂት ዓመታት መጠበቅ ይጠይቃል፤ ታገሡት።

አንዳንዱ መሬት ግን ጭራሹን ለእርሻ አይሆንም፤ ይህንንም መቀበል ያስፈልጋል። የአፋር ሽማግሌዎች ይህን ሜዳ ከእኛ በፊት ያውቁታል። በክረምት አዋሽ ሞልቶ ሲፈስ ውሃው ሜዳውን አዳርሶ ይመለሳል፤ ሣር ይበቅላል፤ በበጋ ከብታቸውንና ግመላቸውን ያሰማሩበታል። ውሃ የሚቋጥረውን ቦታ፣ ጨው የሚያወጣውን ቦታ እነሱን ጠይቋቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። «ይህን አትንኩት» ያሏችሁን ቦታ ለግጦሽ ተዉላቸው፤ የሚቀርባችሁ ጥቂት ሄክታር ስንዴ ነው።

እንግዲህ ስንዴው በጥቅምትና በኅዳር ይዘራል። ከዚያ በፊት፣ መስከረም ሳያልቅ፣ እያንዳንዳችሁ ከማሳችሁ ዝቅ ያለውን ጥግ ፈልጋችሁ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ከብትና ሕፃን እንዳይገባበት ክደኑት። ውሃው ስንት ላይ እንደተገኘ በገመድ ለኩና ጻፉ፤ በየወሩም ደግማችሁ ለኩት። ሁለት ሜትር ሳይሞላ ውሃ ያገኘ ሰው ለውሃ አባቱ ይናገር፤ አይደብቅ። የውሃ ተራ ከመደልደሉ በፊት ማፋሰሻውን ከራሱ እስከ አፉ አብረን እንሄድበታለን፤ የተደፈነውን እንከፍታለን። የዘሩንና የማዳበሪያውን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።