ካቫሌቶና የመታመን ጥያቄ

ካቫሌቶ የሞተርሳይክልን ክብደት ከጎማው ተቀብሎ በብረት እግር የሚሸከም መሣሪያ ነው። ጎማ ሲፈታ፣ ካቴና ሲጠብቅ፣ ፍሬን ሲቀየር ሞተሩ ማንም ሳይይዘው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። መንገድ ዳር የሚሠራ መካኒክ ከፋብሪካ የወጣ ማንሻ ስለማያገኝ ድንጋይ ይደግፋል፣ ሞራሌ ይሸጉጣል፤ ሲሻሻል ደግሞ ከፌሮና ከቱቦላሬ ቆርጦ የራሱን ይበይዳል። በዚህ ተራ በሚመስል ሥራ ውስጥ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ሥር እጁን የሚሰድ ሰው የሚያምነው ማንን ነው? ብረቱን ነው፣ በያጁን ነው ወይስ ፈጣሪን?

መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ ለጥያቄው ግማሽ መልስ ይሰጣል። የኋላ ማንሻ ቀላል ምሰሶ ነው። ከመሽከርከሪያው እስከ ማንሻ ነጥቡ 10 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ እጀታው 80 ሳንቲ ሜትር ቢኖረው፣ በኋላ በኩል የሚጫነውን 80 ኪሎ 10 ኪሎ ያህል ግፊት ያነሣዋል። የመካከለኛው ካቫሌቶ ብልሃት ግን ከዚህ ይረቅቃል። እግሮቹ ቀጥ ካሉበት ነጥብ ትንሽ አልፈው ሲያርፉ ሞተሩ በራሱ ክብደት ይቆለፋል፤ ሊጥለው ይችል የነበረው ጭነት መልሶ ያጸናዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በሜዳ ላይ ነው። ከውቤ በረሃ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ እንደሚወርደው ባለ ቁልቁለት ላይ የክብደቱ መሐል ወደ ታችኛው እግር ስለሚያደላ፣ በሜዳ የታመነው ማንሻ እዚያ አይታመንም። ስለዚህ እግሩን ሰፋ፣ ቁመቱን አጠር ማድረግ ያስፈልጋል።

ብየዳው ሌላ ጉዳይ ነው። ብረቱ በበቂ ሳይግል የፈሰሰ ብየዳ እንደ ሻማ ጠብታ ከላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ቅርፊቱ ተወቅሮ፣ በመፍጫ ተስተካክሎ፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ጥሩውንና መጥፎውን ብየዳ በዓይን መለየት ይከብዳል። እጁ በሠራበት ሰዓት እንዴት እንደነበረች የሚያውቀው በያጁ ብቻ ነው። የሃይማኖት ጥያቄ የሚጀምረውም ከዚህ፣ ሌላ ሰው ከማያየው ስፌት ነው።

«እምነት» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በግእዝ «አምነ»፣ በዕብራይስጥም ያው ሥር ይገኛል፤ በዕብራይስጥ የሥሩ መነሻ ትርጉም መጽናት፣ የማይናወጥ መሆን ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለአሦር ግብር ለመክፈል ወርቃቸውን የገፈፋቸው የቤተ መቅደሱ መቃኖች በዕብራይስጡ መጽሐፈ ነገሥት የሚጠሩት ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። በአባባል ደረጃ ብቻ ሳይሆን በቃሉ ታሪክም የሚታመን ማለት ቢደገፉበት የማይከዳ ነው። በአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት የሚቆሙ ካህናት መቋሚያ ይዘው የሚቆሙትም ያለ ምክንያት አይደለም። ጸሎቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ጉልበቱ ግን የሰው ነውና ይደክማል። መቋሚያው ድካምን ስለሚያውቅ የጸሎቱን ጽናት አይቀንስም፣ ይጠብቀዋል እንጂ።

«ፈጣሪ ይጠብቀኛል» ብሎ በድንጋይ ላይ ሞተር አቁሞ ሥሩ የሚገባ ሰው እምነቱ ጠንካራ ሊመስል ይችላል። የመጻሕፍቱ ምስክርነት ግን ከእሱ ጋር አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናልና። ክርስቶስም ጾሞ ሳለ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ እንዲወረወር ሲፈተን እምቢ ማለቱ በወንጌል ተጽፏል። መላእክት እንደሚጠብቁት እያወቀ አለመዝለሉ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ጥበቃን ማመንና ጥበቃን መፈታተን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእስልምናም ግመልን አስሮ በአላህ መመካት የታወቀ የነቢዩ ትምህርት ነው። ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ ለዳዊት ብረት እንደተለሳለሰለት ሲናገር፣ ጥሩር ሲሠራ ቀለበቶቹን በልክ እንዲያደርግም መታዘዙን ያክላል። ብረቱን ያለሰለሰው ተአምር ነው፤ ልኩ ግን ለሠራተኛው እጅ ተተወ።

ይህ ሁሉ ለብረት ሠሪው የሚሰጠው ክብር በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ተነፍጎት ነበር። ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባለ ሲሸሽ፣ ያው ሰው የሠራው ማረሻ ግን የሁሉንም እንጀራ ይቆርስ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው መስደብን ከለከሉ። የቤተ መንግሥቱ ባለ እጆች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ዛሬም በአራዳ በስሙ ይጠራል። አሳዛኙ ነገር ስድቡ የነፃ ሕሊናንም ሥራ ማድከሙ ነው፤ የተናቀ ሰው ሥራውን አምላክ እንደሚያየው አድርጎ እንዲሠራ መጠበቅ ከባድ ነው። በኦሪት ዘጸአት ባስልኤል ለድንኳኑ ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ በእግዚአብሔር መንፈስ መሞላቱ ለዚህ ንቀት ጥሩ መልስ ነው።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ላይ እያለ ጉዳት ቢያደርስ፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። በቤት ተሠርቶ ለጎረቤት በነፃ የሚዋስ ካቫሌቶ ግን በዚህ አንቀጽ ውስጥ አይገባም። ጉዳት የደረሰበት ሰው በሠሪው ላይ ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ቀለም የሸፈነውን ብየዳ ጥፋት ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከገበያ ውጭ የሆነው መሣሪያ ወደ ሕሊና ይገባል። የዘጸአቱ የሚዋጋ በሬ ሕግም እዚህ ላይ ይረዳል። ባለቤቱ በሬው እንደሚዋጋ አስቀድሞ ከተነገረውና ካልጠበቀው ዕዳው ይከብዳል። ስንጥቁን አይቶ ያዋሰ ሰው የተነገረው ሰው ነው።

በልምድ የሚታወቅ አንድ ፈተና አለ። ሠሪው ካቫሌቶውን ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 100 ኪሎ፣ ጭኖበት ያሳድራል። በእግሮቹ ዙሪያ መሬቱ ላይ በጠመኔ ይሰምራል። ሲነጋ እግሮቹ ከመስመሩ መውጣት አለመውጣታቸውን፣ ብየዳው አጠገብ ቀለሙ በጭረት መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ያያል። ቀጥሎ ሞተሩን አውጥቶበት በሁለት እጁ ይነቀንቃል፤ የራሱን እጅ ሳይሰድ የሌላውን አያሰድም። ሲያውስም «ለሜዳ ነው፣ ለቁልቁለት አይሆንም» ብሎ ይናገራል፤ ይህ ቃል ከመሣሪያው አካል አንዱ ነው።

የተሰነጠቀ ካቫሌቶ ወደ ቁራሌው ሲሄድ እንዳለ አይሰጥም። ሙሉ ሆኖ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከደረሰ፣ ሌላ ሰው ቀለም ቀብቶ እንደገና ያቆመዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በመፍጫ ለሁለት ይቆረጣል።