ሰበብ አድርስ እንጂ ሰበብ አትፈልግ

 

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፤ ዛሬ ስለ ባሕር እናውራ። አገራችን ባሕር የላትም፤ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው።

ታጋዙት የምትባል የሞሮኮ መንደር አለች። ከአጋዲር ከተማ ወደ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የተቀመጠች የአማዚግ ዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ጀልባዎች አሸዋው ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ከመንደሯ በስተሰሜን «አንከር ፖይንት» የሚባል ወደ ባሕሩ የገባ ድንጋያማ ጥግ አለ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከሰሜን አትላንቲክ የሚመጣው ሞገድ በዚያ ጥግ ተጠማዝዞ ረዥም ርቀት እየተሰበረ ይሄዳል። በሰሌዳ ላይ ቆመው ሞገድ የሚጋልቡ ሰርፈሮች ከየአገሩ የሚመጡት ለዚህ ነው።

አንተም እዚያ ነህ እንበል። መዋኘት ትችላለህ፤ ሰርፍ ከጀመርክ ግን ገና አንድ ዓመትህ ነው። ከጁሙዐ ሰላት በኋላ ስልክህን ከፍተህ የነገውን ትንበያ ታያለህ። የሞገድ ከፍታ 2 ሜትር። በሞገድና በሞገድ መካከል 15 ሰከንድ። አቅጣጫ ሰሜን ምዕራብ። ጠዋት ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ቀላል ነፋስ፤ ከሰዓት በኋላ ከባሕር የሚነፍስ ጠንከር ያለ ነፋስ።

ሲነጋ ከጓደኛህ ጋር ድንጋዩ ላይ ቆማችኋል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ባሕሩ ዝም ብሏል። ጓደኛህ ሰሌዳውን አቅፎ «ያ አኺ፣ ምን ትጠብቃለህ? ኢንሻአላህ ምንም አንሆንም! የተጻፈ እንደሆነ አይቀርም» ይልሃል።

ምን ትመልስለታለህ?

መልሱ ቀላል አይደለም። ጓደኛህ የተናገራቸው ቃላት በሙሉ እውነት ናቸው። አላህ ካልፈቀደ አንድም ነገር አይሆንም። የተጻፈውም አይቀርም። ታዲያ እውነተኛ ቃል ተናግሮ የተሳሳተ ሥራ መሥራት ይቻላል?

መጀመሪያ ስልክህ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን እንደሚሉ እንይ። ጀማሪ ሰው ከፍታውን ብቻ አይቶ ያልፋል። አዋቂው ግን ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው 15 ሰከንዱ ላይ ነው። ሞገዶች በ7 ወይም በ8 ሰከንድ ልዩነት ከመጡ በአብዛኛው እዚያው አካባቢ የሚነፍስ ነፋስ የፈጠራቸው ናቸው። በ15 ሰከንድ ልዩነት የሚመጡት ግን ሩቅ ባሕር ላይ የነበረ ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ የላካቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሞገድ በጥልቅ ውቅያኖስ ላይ በቀን ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አንተ ቤትህ ተኝተህ ሳለ፣ በማታየው ቦታ፣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት የነፈሰ ነፋስ ዛሬ እግርህ ሥር ይደርሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባሕሩ ሊቆጣ የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህ ሞገድ ደግሞ በቡድን በቡድን እየሆነ ነው የሚመጣው። ጥቂት ትላልቅ ሞገዶች ይመጣሉ፤ ከዚያ ባሕሩ ለደቂቃዎች ይረጋል፤ ከዚያ እንደገና ይመጣሉ። ድንጋዩ ላይ ቆመህ ያየኸው ዝምታ በሁለቱ መካከል ያለ እረፍት ሊሆን ይችላል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ውሃ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት 15 እና 20 ደቂቃ ቁጭ ብለው ባሕሩን የሚያዩት በፍርሃት አይደለም። ባሕሩ ቃሉን እስኪጨርስ እየጠበቁ ነው።

«2 ሜትር» የሚለውም ቁጥር የራሱ ነገር አለው። የሁሉም ሞገዶች ቁመት እንዳይመስልህ። ከሞገዶቹ መካከል ከፍ ያሉት አንድ ሦስተኛዎቹ አማካይ ቁመት ነው። በዚያው ባሕር ላይ፣ በዚያው ቀን፣ የዚህን እጥፍ የሚጠጋ አንድ ሞገድ ሊነሣ ይችላል። ትንበያው ይህን አልደበቀም፤ ቁጥሩ ራሱ ትርጉሙ እንዲህ ነው። ያላነበብነው እኛ ነን።

የሞገድ ትንበያ ሳይንስ ታሪኩ ከዚችው ከሞሮኮ ጠረፍ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ወታደሮቻቸውን በጀልባ በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ለማሳረፍ ተዘጋጁ። ዋልተር መንክ የሚባል ገና የ24 ዓመት ወጣት ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋለ። ጀልባዎቹ ከሁለት ሜትር ገደማ በላይ የሆነ ሞገድ አይችሉም፤ የዚያ ጠረፍ ሞገድ ደግሞ በክረምት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ከመምህሩ ከሃራልድ ስቬርድሩፕ ጋር ሆኖ ሞገድን ከነፋስ ተነሥቶ የሚያሰላ ዘዴ አበጀ። ማረፊያው የተካሄደው ኖቬምበር 8 ቀን 1942 ነበር። ይኸው ሰው በ1963 ከአንታርክቲካ አቅራቢያ የተነሣን ሞገድ ፓስፊክን አቋርጦ እስከ አላስካ ድረስ፣ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተከታትሎ ለካ። ዛሬ ስልክህ ላይ በነፃ የምታየው ትንበያ ጅማሬው እነዚህ ሰዎች ጋር ነው።

«ታዲያ ይህ ገይብን ማወቅ አይደለም?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አይደለም። ደመናው ሲጠቁር አይታ ያሰጣችውን በርበሬ የምታስገባ እናትህ ገይብ አውቃለሁ አላለችም፤ አላህ ለፍጥረቱ ያበጀለትን ሥርዓት አነበበች። ትንበያም ይኸው ንባብ ነው፤ ዓይኑ ብቻ ረዘመ። ወሰንም አለው። በዚያው በ1963 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ የአየር ሁኔታ ሊቅ፣ በመነሻው ላይ ያለች እጅግ ትንሽ ልዩነት እያደገች ሄዳ ሩቁን ትንበያ እንደምታበላሸው አሳየ። የሦስት ቀኑን ትንበያ እናምነዋለን፤ የወሩን ግን ማንም በእርግጠኝነት አይነግርህም። ከሁሉ በላይ፣ ነገ ምን እንደምታገኝና በየትኛው ምድር እንደምትሞት የሚነግርህ ትንበያ የለም። ያ የአላህ ብቻ ነው።

ወደ ጓደኛህ ቃል እንመለስ።

በየጁሙዐው የምንቀራውን ሱረቱል ከህፍን አስታውስ። አላህ ነገ ይህን አደርጋለሁ የሚል ሰው የእርሱን ፈቃድ ሳይጠቅስ እንዳይናገር ያስተማረው እዚያ ነው። ልብ በል፤ «ኢንሻአላህ» የመጣው «አደርጋለሁ» ከሚል ቃል ጋር ነው። አስቦ፣ ተዘጋጅቶ፣ ሊሠራ የተነሣ ሰው ቃል ነው። ሥራውን ሠርተህ ውጤቱን ለባለቤቱ የምታስረክብበት ቃል ነው። ሥራውን ላለመሥራት የምንደበቅበት መጋረጃ ስናደርገው ግን ቃሉን ከቦታው አነሣነው።

በቋንቋችን አንድ የሚገርም ነገር አለ። «ሰበብ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በዲናችን አነጋገር ሰበብ ማድረስ ማለት የሚጠበቅብህን ጥረት ማድረግ ነው። በዕለት ንግግራችን ደግሞ ሰበብ መፈለግ ማለት ማመካኘት ነው። ያው አንድ ቃል ነው፤ በሁለት ሰው አፍ ሁለት ነገር ይሆናል። ጓደኛህ ድንጋዩ ላይ ቆሞ «የተጻፈ እንደሆነ አይቀርም» ሲል የትኛውን ሰበብ እያደረገ ነው?

ዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ) አስታውስ። ወደ ሻም እየሄዱ ሳለ መንገድ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። የሰሙት ዜና ነው፤ በሽታውን በዓይናቸው አላዩትም። ሰሓቦችን አማከሩ፤ ከዚያ ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ጠየቁ። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ፤ ምሳሌም ሰጡ። ግመሎችህ ሁለት ዳርቻ ያለው ሸለቆ ቢያጋጥማቸው፣ አንዱ ለምለም ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ በለምለሙ ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው፤ በደረቁም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው።

እረኛ ሁሉ ይህ ይገባዋል። ሁለቱም ቀደር ከሆነ፣ «ቀደር ነው» የሚለው ቃል ወደ የትኛው እንደምትሄድ አይመርጥልህም። መምረጥ ያንተ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ከሆነ በኋላ ቀደር መጽናኛ ነው፤ እናት ልጇን ቀብራ የምትቆምበት መሬት ነው። ከመሆኑ በፊት ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ምን አውቀህ ነበር? ባወቅከውስ ምን አደረግክበት?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ትንበያውን ያላየ ሰው አላወቅኩም ማለት ይችል ይሆናል። አንተ ግን አይተሃል። እውቀት ባሕሩን አይገዛልህም፤ «አላወቅኩም» ማለትን ግን ይወስድብሃል። ስለዚህ ትንበያውን ማየት ብቻ ደኅንነት አይደለም፤ ኃላፊነት ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ሳልነግርህ አልለፍ። ቁጥሩን ይዞ የሚኩራራ ሰው አለ። «2 ሜትር ነው፣ አውቀዋለሁ» ብሎ ይገባል። ይህ ሰው አላህንም ረሳ፣ ቁጥሩንም አላነበበ። ትንበያው ስለ ባሕሩ ተናገረ እንጂ ስለ አንተ ክንድ፣ ስለ ትንፋሽህ፣ ስለ ድንጋጤህ አልተናገረም። ይህን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ለራስህ ካልዋሸህ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገዛ ነፍስህ ነው። የሌላው ነፍስስ?

እ.ኤ.አ. በጁን 1944 የአውሮፓን ምድር ነፃ ለማውጣት የተዘጋጀው ታላቅ ጦር ጁን 5 ቀን ሊነሣ ተወስኖ ነበር። የአየር ሁኔታ ኃላፊው ጄምስ ስታግ ዐውሎ ነፋስ እየመጣ መሆኑን ለጄኔራል አይዘንሃወር ነገረው። ሁሉም ሰው ለመሄድ ቸኩሏል፤ ሰውየው ግን ያየውን ተናገረ። ጉዞው በአንድ ቀን ተራዘመ። ትንበያ በእጁ ያለ ሰው አማና ተሸክሟል። ደስ የማያሰኘውንም ቢሆን በሰዓቱ መናገር አለበት።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ ተነሥተው፣ በጅቡቲ ኦቦክ አካባቢ ጀልባ ተሳፍረው ወደ የመን የሚሻገሩ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ በዚያ ጠባብ በር ሲያልፍ ይበረታል። ሰርፈሩ ሞገዱን ለደስታ ፈልጎ መጣ፤ እነርሱ ግን እንጀራ ፈልገው ነው ሞገዱ ያገኛቸው። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ባሕር አይተው አያውቁም፤ መዋኘትም አይችሉም። ትንበያውን የሚያሳያቸው የለም። ከአቅሟ በላይ በታጨቀች ጀልባ ላይ የሚያሳፍራቸው ደላላ «ኢንሻአላህ በሰላም ትገባላችሁ» ይላቸዋል። ብሩን ተቀብሎ፣ እርሱ ዳር ላይ ቀርቶ። ስንቶቹ በዚያ ውሃ ውስጥ ቀሩ!

የእርሱን «ኢንሻአላህ» ከዑመር መመለስ ጋር አነጻጽር። አንዱ የአላህን ስም ይዞ ነፍስ ጠበቀ። ሌላው የአላህን ስም ይዞ ነፍስ ሸጠ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ቃሉን በትንሹም ነገር ጠብቀው። በድንጋዩ ላይ በጓደኛህ ፊት ካቀለልከው፣ ነገ በከባዱ ቦታ ሲቀልል ማን ይደነግጣል?

እንግዲህ ድንጋዩ ላይ ቆመሃል። ለጓደኛህ እንዲህ በለው፦ «ቁጭ በል፣ 20 ደቂቃ አብረን እንይ።» እያያችሁ ሳለ ትልልቆቹ ሞገዶች መጥተው ድንጋዩን ቢመቱት፣ ያን ጊዜ ክርክሩ አበቃ። የመንደሯ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ባሕር ገፍተው እንደሆነም ተመልከቱ፤ ባሕሩ የእነርሱ እንጀራ ነው፤ ከእንጀራቸው የቀሩ በከንቱ አይቀሩም። አሸዋማና ረጋ ያለ ቦታ ካለ ወደዚያ ሂዱ። ከሌለ ሻይ ጠጡ። የምትችለው ባሕር ከሆነ ደግሞ ቢስሚላህ ብለህ ከጓደኛህ ሳትለይ ግባ፤ ደስታውም የአላህ ኒዕማ ነው። ዳር ላይ ምንም ሳያውቅ ሰሌዳ ተከራይቶ የሚገባ እንግዳ ካየህም ጠጋ ብለህ ንገረው። ባይሰማህም አማናህን አድርሰሃል።

ጓደኛህ «ፈራህ እንዴ?» ካለህ አትናደድ። «ቀደርን አልሸሸሁም፤ ወደ ለምለሙ ዳርቻ ነው የሄድኩት» በለው።

አላህ ያወቅነውን የምንሠራበት፣ የሠራነውን ለእርሱ የምናስረክብ ያድርገን። በየባሕሩ ላይ ያሉ ወገኖቻችንን በሰላም ያግባልን፤ በውሃ የቀሩትን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጥልን። አሚን።

መልካም ጁሙዐ።