ለልጁ ሊነገረው ይገባልን?

በአሁኑ ዘመን ሕክምና ለመካንነት ካስገኛቸው መፍትሔዎች አንዱ ከሌላ ሴት የተለገሰ እንቁላል ነው። ለጋሺቱ ለአሥር ቀናት ያህል በየዕለቱ መርፌ ትወጋለች፤ የበሰሉት እንቁላሎች በቀጭን መርፌ ይወሰዳሉ፤ ከባልየው ዘር ጋር በቤተ ሙከራ ከተዋሐዱ በኋላ ፅንሱ በሚስቲቱ ማኅፀን ውስጥ ይቀመጣል። እርስዋም ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አምጣ ትወልዳለች። የልጁ የዘር ውርስ ግን ከአባቱና ከለጋሺቱ ነው።

እኛ ወጣቶች ስለዚህ ጉዳይ ስንወያይ ክርክሩ የሚጀምረው «እናቱ ማን ናት?» ከሚለው ላይ ነው። ይህ ግን ያን ያህል የሚከብድ አይመስለንም። በብሪታንያ ሕግ እናት የምትባለው ተሸክማ የወለደችው ናት። በአገራችንም በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ያሳደገችውን «እናቴ» ቢል የሚነቅፈው የለም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ልጁ እንዴት እንደ ተገኘ ሊነገረው ይገባልን?

«አይነገረው» የሚሉት ክፉዎች አይደሉም። መካን እየተባለች ዓመታት ያሳለፈች ሴት፣ ደግሞ ልጅዋ «የሰው ልጅ ነህ» እንዳይባልባት ብትፈራ ማን ይፈርድባታል? ነገር ግን ምስጢሩ የእርስዋ ብቻ አይደለም። ሐኪም «በእናትህ ወገን ይህ በሽታ ያለበት አለን?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ልጁ በቅን ልቡና የሚሰጠው መልስ ስሕተት ይሆናል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር እያየን ያደግን እኛም የትውልድን ሐረግ አለማወቅ ቀላል ነገር ነው ልንል አንችልም።

አገሮች በዚህ ላይ አልተስማሙም። በስፔይን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሕግ የለጋሺቱ ማንነት እንዲሰወር ደነገገ። በብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2005 ወዲህ ከተመዘገበች ለጋሽ እንቁላል የተወለደ ልጅ፣ 18 ዓመት ሲሞላው ማንነቷን የመጠየቅ መብት አለው። ሆኖም ይህ ሕግ ወላጆች ለልጁ እንዲነግሩት አያስገድድም። ካልነገሩት ደግሞ የሚጠይቀው ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ሕግ የሰጠውን መብት የወላጅ ዝምታ ሊነሣው ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ እኛ ሊነገረው ይገባል እንላለን፤ ያውም በሕፃንነቱ፣ «አንተን ለማግኘት አንዲት ደግ ሴት ረዳችኝ» በሚል ቀላል ቃል። እንዲህ የሰማ ልጅ ነገሩን እንደ ስሙ ለምዶት ያድጋል። በጎልማሳነቱ ከዘር ምርመራ ውጤት ላይ ያነበበው ግን የሚያዝነው ስለ እንቁላሉ ሳይሆን ስለ ተዋሸበት ዘመን ነው። አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ማለታቸው ለዚህም ይሆናል።

ግን በእናቲቱ ላይ ብቻ ሸክም ጭነን ማለፍ አይገባንም። ዝም የምታሰኛት የእኛ ምላስ ናት። በሠፈራችን ያልወለደችውን «በቅሎ» ስንል፣ የማደጎውን ልጅ ዘር ስንቆጥር የሚሰማን ሰው እንዴት እውነቱን ያወጣልናል? እናት ለልጅዋ እንድትናገር ከመጠየቃችን በፊት እኛ አንደበታችንን እንግራ።