በጾመ ነቢያት ወራት አንደበቱን ለባዕዳን ስለሚያውስ እንግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢያት የጌታን መምጣት በተስፋ እየጠበቁ የጾሙትን ጾም ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ከኅዳር 15 ቀን ጀምራ እስከ ልደት ዋዜማ ትጾመዋለች። ይህን ጾም በወገኖቻችን መካከል ሆነን ስንጾመው የሚያግዘን ብዙ ነው፤ ደወሉ ይቀሰቅሰናል፤ ቅዳሴው ያጸናናል፤ የጎረቤታችንም ማዕድ ከእኛ ጋር ይጾማል። ዛሬ ልናስባቸው የወደድነው ግን ይህን ወራት ከዚህ ሁሉ ርቀው የሚያሳልፉትን፣ ይልቁንም በባዕድ አገር ትምህርት ቤት የቋንቋ ረዳት ሆነው የሚያገለግሉትን ወጣቶች ነው።

የጀርመንን አገር ለምሳሌ እንውሰድ። የዚያ አገር ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ከሚነገርባቸው አገሮች ወጣቶችን እየጠሩ ለጥቂት ወራት ያሠራሉ። ረዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 12 ክፍለ ጊዜ ከመደበኛው መምህር ጎን ይቆማል፤ ሥራውም ተማሪዎቹ ቋንቋውን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሕያው አንደበት እንዲሰሙት ማድረግ ነው። በብሪታንያና በአሜሪካ ላደጉት የኢትዮጵያውያን ልጆችም ይህ በር ክፍት ነው።

አንደበትን ለሌላው ማዋስ የተናቀ አገልግሎት አይደለም። ሙሴ አፈ ኮልታፋ ነኝ ባለ ጊዜ አሮን አፍ ሆኖ ተሰጠው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ የሚመራው ባጣ ጊዜ ፊልጶስ አጠገቡ ተቀምጦ ተረጐመለት። በጀርመንም ምድር በዚህ ሥራ የቀደሙን አባት አሉ። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኵሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም. በሮም ከተማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 ዓ.ም.ም ወደ ጎታ ከተማ ተጠርተው ስለ ቋንቋችንና ስለ አገራችን አስረዱት። በ1698 ዓ.ም. የታተመው የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው ከዚህ ትምህርት የተገኘ ፍሬ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ዐረፉ። የሰጡት ቃል ከእርሳቸው በኋላ ኖረ።

እንግዲህ ይህ ወጣት በታኅሣሥ ወር ምን ያገኘዋል? ቀኑ ያጥራል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይመሻል። የሚያድርባት ከተማ ትንሽ ከሆነች ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው። በመምህራን ክፍል ግን ጠረጴዛው በቅቤና በእንቍላል በተጋገረ ብስኵት ይሞላል፤ ደግ ጎረቤቶችም ለእራት ይጠሩታል። በአንድ ወገን ፍቅራቸውን እንዳይገፋ ይጨነቃል፤ በሌላው ወገን ጾሙን እንዳይሽር ይፈራል። ይህ ቀላል ፈተና አይመስለን። ብዙ ሰው እምነቱን የሚያጣው በስደት ተገዶ ሳይሆን፣ በደግ ሰዎች ማዕድ ዘንድ ጥቂት በጥቂት እየረሳ ነውና።

ስለዚህ ነቢዩ ዳንኤልን እንመልከት። ዳንኤል በባቢሎን የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ተምሯል፤ በባዕድ ስምም ተጠርቷል። ማዕዱን ግን አልለወጠም። ይህንም ያደረገው የሚያበሉትን እየዘለፈ አይደለም፤ አዛዡን በትሕትና ለምኖ ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጡት ጠየቀ እንጂ። ወጣታችንም እንዲሁ ያድርግ። ግብዣውን አይሸሽ፤ ከማዕዱ ይቀመጥ፤ የሚበላውንና የማይበላውን አስቀድሞ በለሆሳስ ያስረዳ።

ሲያስረዳም ጾሙ ለእነርሱ ፍጹም እንግዳ እንዳልሆነ ይወቅ። በጥንት ዘመን በዚያ አገር ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት የጾም ወራት ነበሩ። ሽቶለን የሚባለው የልደት ዳቦም ያን ጊዜ ቅቤ አይገባበትም ነበር፤ የሳክሶን መሳፍንት ለምነው የሮሙ ጳጳስ ኢኖሰንት 8ኛ በ1491 ዓ.ም. በደብዳቤ እስኪፈቅዱ ድረስ በዘይት ይጋገር ነበር። እንግዲህ ጾመኛው እንግዳ የአስተናጋጆቹን አያቶች ልማድ በገበታቸው ላይ ያስታውሳቸዋል እንጂ ባዕድ ነገር አያመጣባቸውም።

በእነርሱም ዘንድ የቀረውን መልካም ነገር ያክብር። ልደትን በሚቀድሙት አራት እሑዶች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሻማ እየጨመሩ ያበራሉ። ይህ ልማድ የወጣው ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን የተባለ ሰው በ1839 ዓ.ም. በሐምቡርግ ለሚያሳድጋቸው ድሆች ልጆች በመንኰራኩር ላይ ሻማ አቁሞ የልደትን ቀን ካስቈጠራቸው በኋላ ነው። የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስንም እነርሱ እንደ አቈጣጠራቸው ዲሴምበር 6 ቀን ያስቡታል፤ በእኛ ስንክሳር መታሰቢያው ታኅሣሥ 10 ቀን ነው። ወጣታችን ሻማቸውን ሲያይ ከልደት በፊት ያሉትን የራሱን ሦስት ሰንበታት፣ ስብከትን፣ ብርሃንን፣ ኖላዊን ያስብ። ተማሪዎቹም ቢጠይቁት ስማቸውን ይንገራቸው፤ ነቢያት መምጣቱን እንደ ሰበኩ፣ ብርሃን እንዲላክ እንደ ጸለዩ፣ እውነተኛውን እረኛ እንደ ተጣሩ ያስረዳቸው። የቋንቋ ትምህርት ከዚህ የሚበልጥ ምን ርእስ ያገኛል?

ዲሴምበር 25 ቀን በደረሰ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲፈስክ እርሱ ገና 13 ቀን ይቀረዋል። በእነዚህ ቀናት ብቸኝነቱ ይከብዳል። ነገር ግን ነቢያትም ሌላው ሲደሰት ጠብቀዋል፤ ያዩትንም ከሩቅ ተሳልመውት አልፈዋል። የሚጠብቅ ሰው የተረሳ ሰው አይደለም።

ከሁሉም በላይ የዚህን በዓል ምሥጢር ያስተውል። ለሰው ልጆች ሁሉ አንደበትን የሰጠ አካላዊ ቃል፣ እንደ ሕፃናት ልማድ ዝም ብሎ በእናቱ በድንግል ማርያም ክንድ ታቀፈ። ወደ ራሱ ዓለም እንደ እንግዳ መጣ፤ ማደሪያም አላገኘም፤ በእኛ ቋንቋም ተናገረን። ከራሱ አገር ርቆ፣ በሰው ቤት አድሮ፣ ቃል እየደጋገመ ሕፃናትን የሚያስተምር ወጣት ይህን ምሥጢር በመጽሐፍ ብቻ ካነበበው ይልቅ ሊቀርበው ይችላል።

እኛም ካህናትና ወላጆች ዕዳ አለብን። የነፍስ አባት ልጁን ሳይሄድ ጠርቶ እንደ አቅሙ የሚጠብቀውን ሥርዓተ ጾምና ጸሎት ይወስንለት፤ ሊሸከም የማይችለውን አይጫንበት። በጀርመን ታላላቅ ከተሞች የእኛ አብያተ ክርስቲያናት አሉና ለአንዲት እሑድ እንኳ የሚደርስበትን መንገድ እናሳየው። ወላጆችም በልደት ሌሊት ድምፃቸውን ያሰሙት። አንደበቱን ለሌሎች ሲያውስ የሚውል ልጅ፣ በራሱ ቋንቋ እንኳን አደረሰህ የሚለው ሰው ሊያጣ አይገባምና።

ስለ እኛ እንግዳ የሆነ አምላክ እንግዶችን ሁሉ ይጠብቅልን፤ ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።