አጠፋው ወይስ ሳያጠፋው አይቀርም?

አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንገባ የደንበኞች ዳታቤዝ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ሎጉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የማጥፊያው ትእዛዝ የተላከው ከአንድ ባልደረባችን አካውንት ነው። ስብሰባ ላይ አለቃችን «ማነው?» ሲል፣ «እሱ ነው ያጠፋው» አልኩ።

ያየሁት ግን አካውንቱን እንጂ እሱን አልነበረም።

አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ስስታም አይደለም። ያየ ሰው አፉን ሞልቶ «አጠፋው» ይላል። የሰማ «አጠፋው አሉ» ይላል። ከምልክት ተነስቶ የገመተ «ሳያጠፋው አይቀርም»፣ የተጠራጠረ ደግሞ «አጥፍቶት ይሆናል» ይላል። የያዝኩት ማስረጃ የሚፈቅድልኝ «ሳያጠፋው አይቀርም» ማለትን ብቻ ነበር፤ የተናገርኩት ግን እንደ ዓይን ምስክር ነው። «አይተሃል ወይ?» ያለኝ የለም። እሱን ግን «አንተ እንዳልሆንክ አስረዳ» አሉት።

የወንጀል ችሎት ቢሆን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141፣ የዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያበቃ፣ ተከሳሹ መልስ ባይሰጥበት እንኳ ጥፋተኛ የሚያሰኝ ካልሆነ፣ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ እንዲለቀቅ ያዛል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ፍርዱ ሳያልቅ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ሰጥቶታል።

የሕግ ሰዎች ለፍትሐ ብሔር ክርክር ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል፣ ወንጀል ግን «ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ» መረጋገጥ አለበት ይላሉ። ድሮ ይህን ስሰማ ኢንጂነር ነኝና ቁጥር ነበር የምፈልገው፦ ስንት ፐርሰንት? 90? 99? አሁን ግን ዋናው ቃል «ምክንያታዊ» የሚለው ይመስለኛል። ጥያቄው እኔ ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ አይደለም፤ ነገሩን በምክንያት ሊያስረዳ የሚችል ሌላ ታሪክ ቀርቷል ወይ ነው። እኔ እኮ 99 ፐርሰንት እርግጠኛ ነበርኩ። ሌላ ታሪክ ግን አልፈለግኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ተገኘ። ለካ የሙከራ ዳታቤዙን ብቻ እንዲያጸዳ ሌላ ሰው የጻፈው ስክሪፕት እሁድ እሁድ ሌሊት በእሱ አካውንት ይሠራ ኖሯል፤ አድራሻ ስንቀይር ወደ ዋናው ዳታቤዝ ዞሮ ኖሯል። «ለካ» እና «ኖሯል» ዘግይቶ ለተደረሰበት እውነት የምንጠቀምባቸው ቃላት ናቸው።

ባልደረባዬ ግን ያኔ ሥራውን ለቆ ነበር። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት።

«መጠርጠር ያለ ነው» አለኝ። «አንተ ግን እንዳየ ሰው ነው የተናገርከው።»