ገና ነው

አንድ የሀብሩ ገበሬ ከመርሳ ወጣ ብሎ በመስኖ ብርቱካን ያለማ ነበር። ፍሬውን በጅምላ የምትረከበው ነጋዴ የወልድያ ሴት ናት። ኅዳር ሲጋመስ ልትደውልለት ሞከረች፤ ኔትወርክ አልይዝ ቢላት «አያ፣ ብርቱካኑ መቼ ነው?» ብላ በስልኳ ጽፋ ላከች።

ገበሬው ማንበብ አይሆንለትምና ልጁ አነበበችለት። ዛፉ ሥር እንደ ቆመ አረንጓዴውን ፍሬ ቀና ብሎ አየና «ገና ነው በያት» አላት። ልጅቱም የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፈች፦ «ገና ነው።»

ነጋዴዋ በዚያ ሰሞን ሐሳቧ ሁሉ ላሊበላ ነበር። ለልደት ምእመናን ከየአገሩ ይጎርፋሉ፤ ፍራፍሬ ይፈለጋል። ስለዚህ «ና»ን አጥብቃ አነበበችው። ለበዓሉ ይደርሳል ማለቱ ነው ብላ ላሊበላ ላለ ደንበኛዋ ቃል ሰጠች፤ ቀብድ ተቀበለች፤ በድልብ ዳገት አድርጎ በጋሸና በኩል የሚያደርስ አይሱዙ ተከራየች። ታኅሣሥ 26 ማለዳ ማሳው ላይ ተገኘች።

ፍሬው አረንጓዴ ነው።

«አያ፣ ገና ነው ብለው አልላኩብኝም?»

«ብያለሁ እንጂ ልጄ። ይኸው ዛሬም ገና ነው።»

ከአፉ ስትሰማው «ና» ላላች፤ ያን ጊዜ ገባት። አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ፤ ቀብዱም ለባለቤቱ ተመለሰ። ልጅቱ የላከችውን ደጋግማ ብታነብም የገደፈችው ፊደል አላገኘችም።

ልታገኝም አትችልም። አባት በትክክል ተናገረ፣ ልጅ በትክክል ጻፈች፣ ነጋዴዋም ፊደሉ የሚፈቅደውን አነበበች። የጠፋው ነገር በአፍና በወረቀት መካከል ነው የጠፋው፤ ፊደላችን ሲጠብቅም ሲላላም መልኩ አንድ ነውና። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ነው። «ይበላል» ላልቶ በዪውን፣ ጠብቆ ተበዪውን ይናገራል።

ይህን ሳስብ የሚቆጨኝ ክርክራችን የሄደበት መንገድ ነው። ስለ ሞክሼ ፊደላት፣ ስለ «ሰ»ና «ሠ»፣ ስለ «ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ» ብዙ ተጽፏል። በግዕዝ «ሰረቀ» ሌብነትን፣ «ሠረቀ» የፀሐይን መውጣት ይናገራልና ጠባቂዎቹ ምክንያት አላቸው። ነገር ግን እነዚህ ለዓይን የተለዩ፣ ለጆሮ አንድ የሆኑ ናቸው፤ በአማርኛ ቢለዋወጡ አንባቢ እምብዛም አይሳሳትም። ለጆሮ ተለይተው ለዓይን አንድ የሆኑት ግን የሰው ገንዘብና ቃል ያስበላሉ፤ ስለ እነርሱ የሚከራከር ጥቂት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት መምህራን ጉዳዩን ያውቁታል። ተማሪው ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ንባብን የሚለየው፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውንም የሚያውቀው ከመምህሩ አፍ ነው። ሲስት የሚያቀናው ሰው አጠገቡ አለ። የስልክ መልእክት የሚያነብ ሰው ግን ብቻውን ነው፤ ላኪውም ለመፍጠን ሲል አጋዥ ቃሎቹን አስቀድሞ ጥሏቸዋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አኑረው ነበር። በዚያ መጽሐፍ አንባቢው ማጥበቅና ማላላትን በግምት አይለይም። ልቦለዱ በየቤቱ ገባ፤ ነጥቡ ግን ልማድ ሳይሆን ቀረ። ለአዋቂ አንባቢ በየገጹ ይደረግ አልልም፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ይመራዋል። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚማር ሕፃን ግን መሪ የለውም። በመጀመሪያ ክፍሎች መጽሐፍ ነጥቡ ቢመለስለት ቃሉን መምህሩ በሌለበትም ደፍሮ ያነበዋል። ለእኛ ለአዋቂዎቹ ደግሞ አንዲት ጎረቤት ቃል ትበቃለች፤ «ገና አልበሰለም» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን በዓሉን የሚያስብ አልነበረም።