ከስልክ መልእክት ስለ መጾም

ምእመናን ሆይ! በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ ሐዋርያት ከተላኩበት የስብከት ጉዞ ተመልሰው የሠሩትንና ያስተማሩትን ሁሉ ለጌታችን በነገሩት ጊዜ፣ የሚመጣውና የሚሄደው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለ ነበረ ለመብላት እንኳ ፋታ አላገኙም ነበር። ጌታችንም ይህን አይቶ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። የያዙት ሥራ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሥራ ሁሉ የሚበልጥ ቅዱስ ሥራ ነበር። ከዚህም የተነሣ መልካም ሥራም ቢሆን ልክ እንዳለው፣ ነፍስም ከግርግር የምትለይበት ጊዜ እንደሚያስፈልጋት እንማራለን።

በዘመናችን ያ የሚመጣውና የሚሄደው ሕዝብ በእጃችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ገብቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዋትስአፕ በ2009፣ ቴሌግራም በ2013 ከተጀመሩ ወዲህ፣ ቀድሞ በፖስታ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መልእክት በቅጽበት የሚደርስ ሆኗል። ጥቅሙን አንክድም። በቤይሩት ወይም በጂዳ በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን የእናቷን ድምፅ የምትሰማው በዚሁ ነው፤ የዕድርና የማኅበር ጥሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ሳይቀር በዚሁ ይተላለፋል። ጉዳቱ የሚመጣው መሣሪያው አገልጋይነቱ ቀርቶ ጌታ የሆነብን እንደ ሆነ ነው። በጮኸ ቁጥር ጸሎታችንን ካቋረጥን፣ ቅዳሴ ቆመን ልባችን ከኪሳችን ካልወጣ፣ በማዕድ ዙሪያ ልጆቻችን ሲያነጋግሩን አቀርቅረን ለሩቁ ሰው የምንመልስ ከሆነ፣ መልእክታችን ተነብቦ መልሱ ስለ ዘገየ ብቻ በወንድማችን ላይ ቂም ከያዝን፣ አዛዡ ማን፣ ታዛዡስ ማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

አባቶቻችን ጾም ከምግብ ብቻ አለመሆኑን፣ ዐይንም ጆሮም አንደበትም እንደሚጾሙ አስተምረውናል። ዛሬ የአንደበት ሥራ ወደ ጣት ተሻግሯል፤ ሐሜቱም ቁጣውም ከንቱ ወሬውም በጣት ይጻፋል። እንግዲህ አንደበት የሚጾም ከሆነ ጣትም ሊጾም ይገባዋል።

ነገር ግን ጾምና ማጣት አንድ አይደሉም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጦ ነበር። በዚያች ምሽት ብዙ ሰው ሳይጽፍ ቀረ፤ ሆኖም እንጀራ ያጣ ሰው ተራበ እንጂ ጾመ እንደማይባል፣ ይህም ጾም አይባልም። ጾም ማለት በእጅ ያለውንና የተፈቀደውን ስለ እግዚአብሔር ብሎ በፈቃድ መተው ነው። ስልኩ እየሠራ፣ መልእክቱም እየመጣ፣ እኛ ግን ለጊዜው አንከፍትህም ያልነው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ጾምን።

ይህም በሥርዓት ሊሆን ይገባል። አንደኛ፣ ጊዜውን መወሰን ነው። ለጀማሪ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ የእሑድ ቅዳሴ እስኪፈጸም ይበቃዋል፤ የበረታ ደግሞ በጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት፣ ወይም ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው በጾመ ፍልሰታ ያድርገው። ሁለተኛ፣ አስቀድሞ ለቤተ ሰብና ለሥራ ባልደረባ ማስታወቅ፣ ለአስቸኳይ ነገርም የሚደወልበትን መንገድ ክፍት መተው ነው። በባዕድ አገር የምንኖር ብንሆን፣ በአገር ቤት ድምፃችንን የምትጠብቅ እናት በእኛ ዝምታ ልትጨነቅ አይገባም። ጌታችንም ሕዝቡ ወደ ምድረ በዳው ቀድመው ደርሰው ባገኛቸው ጊዜ ራራላቸው፣ አስተማራቸውም እንጂ፣ ዕረፍታችንን አወካችሁ ብሎ አላባረራቸውም። ከፍቅር የሚያሸሽ ዝምታ ጾም አይደለም።

ሦስተኛ፣ የተገኘውን ጊዜ ባዶ አለመተው ነው። ከቴሌግራም የተመለሰ ዐይን ወደ ሌላ ከንቱ ትርኢት ቢዞር ምን ይጠቅማል? ይልቁንስ መዝሙረ ዳዊት ይደገምበት፤ በፍልሰታ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማበት፤ በሰፈር የታመመ ይጠየቅበት፤ መልካም በዓል ተብሎ በየዓመቱ የተጻፈለት፣ ግን ደጁ ያልተረገጠ ጎረቤት ይጎብኝበት።

ጾሙ ሲፈታ ወደ ማዕድ በልክ እንደምንመለስ ሁሉ፣ ወደ መልእክቱም ስንመለስ በልክ እንመለስ፤ የሚያንጸውን እንጻፍ፣ የሚያቆስለውን እንተው። በፈቃዳችን የምንዘጋውና በፈቃዳችን የምንከፍተው መሣሪያ ያገለግለናል፤ ልንዘጋው ያልቻልነው ግን ይገዛናል።

አምላካችን ልባችንን ሰብስቦ በፊቱ የምንቆምበትን ጸጥታ ይስጠን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። አሜን።